የሰማይ አጋሰስ

ስለ ጦር አይሮፕላን በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ፈጥኖ የሚያመራው ወደ ተዋጊውና ወደ ቦምብ ጣዩ ነው። ወሬው የሚበዛለት፣ ሥዕሉ በየግድግዳው የሚለጠፍለት፣ ነጂውም ጀግና ተብሎ የሚጠራለት እርሱ ነው። ከበስተኋላው ግን ወታደሩን፣ ስንቁን፣ መድኀኒቱንና ቁስለኛውን ተሸክሞ የሚመላለስ ሌላ አይሮፕላን አለ። ሆዱ ሰፊ፣ ፍጥነቱ መጠነኛ ነው፤ የሚተኩሰው መሣሪያም የለውም። በቀድሞ ዘመን ዘማች ሠራዊት ያለ አጋሰስ፣ ያለ ስንቅ ጫኝና ያለ አህያ ነጂ ሩቅ መዝመት እንዳልቻለ ሁሉ፣ የዚህ ዘመን ሠራዊትም ያለዚህ የሰማይ አጋሰስ ብዙ አይራመድም።

በዚህ ገጽ የምንተርከው የጭነት አይሮፕላንንና በውስጡ ያገለገሉትን ሰዎች ጉዳይ ነው። ለታሪኩ መነሻ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ኮልፌ ላይ የቆመ ሰው ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ቢከተል ገፈርሳን ያገኛል። ፊቱን መልሶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ታች ቢወርድ ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ከሚጠራው ሠፈር ይደርሳል። አንደኛው ቦታ አይሮፕላን በአገራችን ታሪክ የጀመረበት ሜዳ ነው። ሁለተኛው ለጦርነት የተሠሩ የጭነት አይሮፕላኖች የአገር መገናኛ ሆነው ሥራ የጀመሩበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመኪና የአጭር ጊዜ መንገድ ሲሆን፣ በሥራ ሲለካ ግን የብዙ ሰው ዕድሜ የፈጀ ነው።

ከገፈርሳ ሜዳ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም.፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ የነዳው ፖቴዝ 25 አይሮፕላን ገፈርሳ ላይ አረፈ። ይህ አይሮፕላን ለቃኚነትና ለቦምብ መጣያ የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ሁለተኛው አይሮፕላን መጣ። እርሱም ዩንከርስ ደብልዩ 33 የተባለው የጀርመን ሥሪት ነው። ዩንከርስ ሁለመናው ከብረት የተሠራ የጭነት አይሮፕላን ሲሆን፣ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን በ1920 ዓ.ም. አትላንቲክን ውቅያኖስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳያርፍ በመሻገር በዓለም የመጀመሪያው ለመሆን በቅቷል። እንግዲህ በአገራችን የጭነቱ አይሮፕላን ከጦሩ አይሮፕላን በዕድሜ የሚያንሰው በአሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የነጂነት ፈቃድ ተቀብለው ከኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላን ነጂዎች ሆኑ። ሆኖም ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የነበሩን አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ለውጊያም የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ በዚያ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች ሥራ መልእክት ማድረስ፣ መድኀኒት መውሰድና ሰው ማመላለስ ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንም ፎከር የተባለውን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አይሮፕላን እየነዳ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይመላለስ ነበር። የዚህን ሰው ስም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ጦርነት ጠላት በበኩሉ የሰማይ አጋሰስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። በደንከል በረሃ ወደ ሰርዶ የገሠገሠው የኢጣልያ ጦር ስንቁን የተቀበለው ከአይሮፕላን ነው። ለሥጋ የሚሆኑ ከብቶች እንኳ በሕይወታቸው ከሰማይ ይወርዱለት ነበር። ውሃና መንገድ የሌለው በረሃ ለአገሩ ምሽግ ይሆናል ተብሎ ሲታሰብ፣ የጭነት አይሮፕላን ምሽጉን ከላይ አለፈው። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ ያልታጠቀ አይሮፕላን ከታጠቀው ይልቅ የጦርን ዕድል ሊወስን የሚችል መሆኑን ነው።

አምስቱ ዳግላሶች

ኢትዮጵያ ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ መንገዶቿ የተበላሹ፣ ክረምት በገባ ቁጥርም ብዙ ጠቅላይ ግዛቶቿ ከዋና ከተማው የሚቆረጡ ነበሩ። መንግሥትም በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተዋዋለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ከአሜሪካ ጦር ትርፍ ንብረት የተገዙ አምስት ዳግላስ ሲ 47 አይሮፕላኖች ከካይሮ ተነሥተው አዲስ አበባ ልደታ ሜዳ ላይ አረፉ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ።

እነዚህ አይሮፕላኖች ምን ነበሩ? ዳግላስ ሲ 47 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሥር ሺህ በላይ የተሠራ የጦር ማመላለሻ ነው። በ1936 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ የተባበሩት ጦሮች ኖርማንዲ ላይ ሲወርዱ ባለ ጃንጥላ ወታደሮችን በሌሊት የጣለው እርሱ ነው። ከሕንድ ወደ ቻይና በሂማልያ ተራሮች ላይ ቤንዚንና ጥይት ካመላለሱት አንዱ እርሱ ነው። ከጦርነቱም በኋላ የበርሊን ሕዝብ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ ስንቁን በአየር ማመላለስ ከጀመሩት ውስጥ ይኸው አይሮፕላን ይገኛል። ጄኔራል አይዘንሃወር ለድሉ ታላቅ እርዳታ ያደረጉትን መሣሪያዎች ሲቆጥሩ ይህን አይሮፕላን ከጂፕ፣ ከከባድ መኪናና ከቡልዶዘር ጋር አብረው ጠቅሰዋል። ልብ በሉ፤ ከአራቱ አንዱም ጥይት አይተኩስም።

ሁለቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። በጦርነት ጊዜ ሃያ ስምንት ወታደር ወይም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ በላይ ጭነት ይይዛል። በግራ ጎኑ ሰፊ ባለ ሁለት ክንፍ መዝጊያ አለው። ወለሉ የጠነከረ፣ ጭነት የሚታሰርባቸው ቀለበቶችም የተተከሉበት ነው። ሦስተኛዋ ጎማው በጭራው በኩል ስለሆነች መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ስለዚህ ጭነት የሚያስገባ ሰው ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ መግፋት አለበት።

ልደታ ላይ ሲያርፉ እነዚህ አይሮፕላኖች ገና የወታደር ልብሳቸውን አላወለቁም ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ በጎኑ በኩል በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ በመካከሉ ጭነቱ ታስሮ ይጓዛል። ሹሙ፣ ነጋዴው፣ የቡናው ጆንያና የቆዳው እስር በአንድ ሆድ ውስጥ አብረው ይሄዳሉ። ለጦርነት የተሠራው ወለል እንዲህ ሆኖ የሲራራ ነጋዴን ሥራ ተረከበ። በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀው የጂማና የጎሬ መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ደብዳቤውም መድኀኒቱም በሰማይ ያልፍ ጀመር።

የባለሙያዎቹ ሥራ

ነገር ግን አይሮፕላኑ ብቻውን ምንም አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይጎድለዋል። ስለዚህ ካይሮ ላይ በቀላሉ የሚነሣው ጭነት ልደታ ላይ ሜዳውን እስከ ጫፉ ሊያስሮጥ ይችላል። ቀትር ሲሆንና ሙቀቱ ሲበረታም ችግሩ የባሰ ይሆናል። በአየር ላይም ቢሆን የሲ 47 ሆድ እንደ ዛሬዎቹ አይሮፕላኖች አየር የሚሞላ ስላልሆነ፣ ነጂው ከተራራው በላይ እንደ ልቡ ከፍ ማለት አይችልም። በደመና መካከል ሸለቆውንና ወንዙን እየለየ መሄድ ነበረበት። በየጠቅላይ ግዛቱ የነበሩት ማረፊያዎች አብዛኞቹ የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ ከብት ከተሰማራባቸው አይሮፕላኑ አስቀድሞ ዝቅ ብሎ በማለፍ ካስበረገገ በኋላ ነው የሚያርፈው።

በጦር ሥራ ላይ የሲ 47 ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ያህል ነበሩ። ነጂው፣ ረዳት ነጂው፣ አቅጣጫ መሪው፣ የራዲዮ ሠራተኛውና የአይሮፕላኑ ኀላፊ መካኒክ ናቸው። ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ሌላው የማያየውን ያያል። ነጂው ፊቱን ያያል። ራዲዮ ሠራተኛው በጆሮው የሩቁን ያያል። መካኒኩ ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ያውቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝለት አይመስለንም።

ከሁሉም ይልቅ ስሙ የማይነሣው ጭነት ደልዳዩ ነው። አባቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ ግራና ቀኙን ካላመዛዘኑ ጭነቱ እንደሚያዘምና እንስሳይቱ ገደል ላይ እንደምትወድቅ ያውቁ ነበር። በአይሮፕላንም ላይ ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሚዛኑ ከፊትና ከኋላ መሆኑ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ጭራ ከበዛ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚሸከምበትን ኀይል ያጣል። ገመዱ የላላ አንድ በርሜል በአየር ላይ ቢንከባለል የነጂው ብልሃት ሁሉ ላይበቃ ይችላል። እንግዲህ በአይሮፕላን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሕይወቱን ለነጂው ብቻ ሳይሆን፣ መሬት ላይ ቀርቶ እጁን ለሚያወዛውዝለት ለዚያ ገመድ አሳሪም አደራ ሰጥቷል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ጊዜ ነጂዎቹና የሞተር ዐዋቂዎቹ በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ከእነርሱ ሥር ሆነው ተማሩ። አይሮፕላኖቹ ከካይሮ ልደታ ለመድረስ የፈጀባቸው ጉዞ አጭር ነው። ነገር ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው ያንኑ ዓይነት አይሮፕላን በራሳቸው ኀላፊነት የነዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ነው፤ ይኸውም አይሮፕላኖቹ ከመጡ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ በ1971፣ ማለት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ብረቱ በገንዘብ ተገዝቶ በቀን ይመጣል፤ ሰው ግን በዓመት እንጂ በቀን አይደርስም።

ወደ ኮልፌ የመጣው እንግዳ

ይህ የሰው ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእኛ ይልቅ የተረዳው አንድ እንግዳ ነበር። በ1954 ዓ.ም. አጋማሽ ኔልሰን ማንዴላ ከደቡብ አፍሪካ በስውር ወጥተው፣ በአዲስ አበባ በሚደረገው የአፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ለመገኘት ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፈሩ። ወደ አይሮፕላኑ ሲወጡ ነጂው ጥቁር ሰው መሆኑን አዩ። ከዚያ በፊት ጥቁር አይሮፕላን ነጂ አይተው ስለማያውቁ፣ ለጥቂት ጊዜ ድንጋጤ ያዛቸው፤ ጥቁር ሰው እንዴት አይሮፕላን ይነዳል ብለው ተጠራጠሩ። ወዲያው ግን የዘር መድልዎ ሥርዐት የዘራው ሐሳብ በራሳቸው ውስጥ መግባቱን ተገነዘቡ። ይህን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል።

በዚያው ዓመት ማንዴላ ተመልሰው መጥተው ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የውትድርና ትምህርት ተማሩ። የኮልፌን ሥልጠና ይከታተሉ የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር እንዲቆዩ ታስቦ ሳለ ሁለት ወር ያህል እንደቆዩ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ኮልፌ ውስጥ ተኩስና የእግር ጉዞ ተምረዋል። ወደ ኮልፌ ከመድረሳቸው በፊት ግን ያ ስሙን የማናውቀው አይሮፕላን ነጂ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ሥራውን በመሥራቱ ብቻ፣ አንድ ትልቅ ትምህርት አስተምሯቸዋል።

ጭነቱ ምንድን ነው?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ችሎታ ነው። ችሎታ ግን ለብቻው አይበቃም። አጋሰስ የጫኑትን ሁሉ ይሸከማል፤ የሰማዩም አጋሰስ እንዲሁ ነው። ምን እንደተጫነ፣ ወዴትስ እንደሚሄድ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ቀደም ብለን ያነሣናቸው ካውንት ፎን ሮዘን ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በቢሾፍቱ የአየር ኀይላችንን በማቋቋምና በማሠልጠን አገልግለዋል። በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ሲበረታ ደግሞ፣ በስዊድን የተሠሩ ትንንሽ አይሮፕላኖችን ይዘው መጡ። በክንፋቸው ሥር የእህል ከረጢት እያንጠለጠሉ፣ መንገድ ለሌላቸው መንደሮች ከዝቅታ ጣሉ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በእርዳታ ሥራ ላይ እንዳሉ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወታቸው አለፈ። በጦር አምቡላንስ ጀምረው በእህል ጭነት የጨረሱ ሰው ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. ታላቁ ረሀብ ጊዜም የጦር ማመላለሻዎች ከየአገሩ መጡ። የእንግሊዝ ሄርኩለስ፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል፣ የሶቪየት አንቶኖቭ 12 በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። በዚያ ዘመን በሌላ ቦታ ቢገናኙ ኖሮ በጠላትነት የሚተያዩ ነበሩ። መኪና ለማይደርስባቸው የደጋ መንደሮች እህሉ በድርብ ጆንያ ተሞልቶ ያለ ጃንጥላ ይጣል ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ሄደው ሜዳው ከሰውና ከከብት የጸዳ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ሄርኩለሱ መሬቱን ሊነካ እስኪመስል ድረስ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ጭነት ደልዳዮቹ በተከፈተው የኋላ በር ቆመው በምልክቱ ሰዓት እህሉን ይለቃሉ። አንድ ሴኮንድ ቢዘገዩ እህሉ ከገደል ይገባል፤ ቢቸኩሉም እንዲሁ። የብዙ ቤተሰብ እራት በአንድ ሰው እጅ ላይ ነበረ።

እውነቱን ሁሉ መናገር ስላለብን ግን ሌላውንም እንጨምራለን። በዚያው ዘመን፣ በአንቶኖቮቹ ሆድ ውስጥ ከእህል ሌላ ሰው ተጭኖ ነበር። መንግሥት ከሰሜኑ ክፍል ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሰፈራቸው በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ገሚሶቹ በመኪና፣ ሌሎቹም በአይሮፕላን ተጓዙ። ከመካከላቸው ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ፣ ከልጅና ከትዳር ጓደኛ የተለያዩ፣ በጉዞና በሠፈራው ቦታ የሞቱ ብዙዎች ናቸው። አይሮፕላኑ ያው ነው፤ ሞተሩም ያው ነው። የነጂውም ችሎታ አልጎደለም። የተለየው የጭነቱ ወረቀትና በወረቀቱ ላይ ያረፈው ፊርማ ነው።

ለወጣቱ የሚተርፈው

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መሆናቸውን እናውቃለን። ከእነርሱ መካከል አይሮፕላን የሚነዳው ጥቂቱ ነው። በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የዕቃ ግዢ የሚፈቅድ፣ መኪና የሚያሰማራ፣ የሠራተኛ ሥልጠና በጀት የሚቆርጥ ግን ብዙ ነው። ለእነዚህ የሰማይ አጋሰስ ታሪክ ሁለት ጥያቄዎችን ያስተምራል።

የመጀመሪያው፣ ዕቃው ሲገዛ ሰውየው ተዘጋጅቷል ወይ የሚል ነው። አምስቱ ዳግላሶች ያለ መካኒክ፣ ያለ ራዲዮ ሠራተኛና ያለ ጭነት ደልዳይ ቢመጡ ኖሮ ልደታ ሜዳ ላይ ዝናብ የሚመታቸው ብረት ሆነው በቀሩ ነበር። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ጠጋኝ አጥቶ ሣር የበቀለበት መኪናና ማሽን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዕቃው ገንዘብ ሲጻፍ ለሚይዘው እጅ ትምህርት አብሮ ያልጻፈ ሹም ግማሽ ግዢ ገዝቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጭነቱ ምንድን ነው የሚል ነው። ይህን ነጂው ብቻ እንዲጠይቅ መተው አይገባም፤ ነጂው ብዙ ጊዜ የታዘዘውን ይዞ የሚበር ሰው ነው። ትእዛዙን የሚያረቅቀው ጸሓፊ፣ ወረቀቱን የሚያሳልፈው ክፍል ኀላፊ፣ መጨረሻ ላይም የሚፈርመው ሹም ከአይሮፕላኑ ባለሙያዎች እንደ አንዱ ሊቆጠሩ ይገባል። ከመሬት ሳይነሡ ከአይሮፕላኑ ጋር ይበራሉ፤ ባደረሰው ምስጋና፣ ባደረሰውም ጉዳት ድርሻ አላቸው።

በዛሬው ጊዜ ታላላቆቹ አይሮፕላኖች የሚነሡትና የሚያርፉት በከተማው ምሥራቅ በቦሌ በኩል ነው። በምዕራቡ በኩል የቀረው የሠፈር ስም ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ወጣት ግን የታክሲው ረዳት «ኦልድ ኤርፖርት» ብሎ ሲጣራ፣ ስሙ ከአምስት የጦር አይሮፕላኖች እንደመጣና አይሮፕላኖቹንም ለአገር ሥራ ያበቋቸው የሰለጠኑ እጆች መሆናቸውን ቢያስብ ደስ ይለናል።